ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፦ ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት አንብቡት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተራቸው ወርዶ ጓሮ የቆሙ ሦስት ቮልሶች አውቃለሁ። አንዷ የኔ ነበረች። አንድ ክረምት ሙሉ ዶሮ ሲያድርባት ከረመች። ሦስቱንም ያቆማቸው ገንዘብ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ሰው ሥራውን የሚጀምረው ደስ በሚለው በኩል ነው። ሞተሩን ያወርዳል፣ ያገኘውን ባትሪ ይገዛል፣ ከዚያ ሜትር ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚለካው ነገር ተበታትኗል። ቡሎኑም የት እንደገባ አይታወቅም።

ይህ መመሪያ በሚሠራበት ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። የጻፍኩት ለድሮዋ፣ በአየር ለምትቀዘቅዘው ቮልስ ነው። ፔጆ 404 ወይም ሌላ አሮጌ መኪና ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ የምንሠራው ከ100 ቮልት በላይ በሆነ ዲሲ፣ ማለትም ከባትሪ በሚወጣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ይገድላል። ባትሪ በምትነኩበት ቀን ብቻችሁን አትሥሩ።

## 1. ወረቀቱን ጨርሱ

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ያ ቁጥር ይቀየራል፤ ካልገጠመ ቦሎ ላይ ትቸገራላችሁ።

- አንድም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። "ችግር የለውም" የሚል የቃል መልስ አይበቃም፤ በጽሑፍ ተቀበሉ።
- ሞተሩንና ባትሪውን በደረሰኝ ግዙ። የጉምሩክ ወረቀት የሌለውን ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ተዉት።
- የኮንትሮለሩን (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው)፣ የቻርጀሩንና የቢኤምኤሱን (የባትሪውን ሴሎች የሚጠብቀው ኮምፒውተር) ማኑዋል፣ ሶፍትዌራቸውንም ጭምር አውርዳችሁ አስቀምጡ። ኢንተርኔት የሚጠፋው ሁልጊዜ በሚያስፈልግበት ቀን ነው።

## 2. ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩ

ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የተጋጨ መኪና ሞተርና ባትሪ "ውሰደው" የሚላችሁ ሰውም አይጠፋም። ለመጀመሪያ ሥራችሁ አትውሰዱት። አብዛኞቹ የፋብሪካ ባትሪዎች ከ300 ቮልት በላይ ናቸው። ሞተራቸውም ከራሱ መኪና ኮምፒውተር ጋር ካልተነጋገረ አይዞርም። ያን መክፈት ሌላ ሙያ ነው።

የኔ ምክር ወደ 100 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ኤሲ (በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚዞር) ሞተር ነው፦ በተከታታይ 15፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 30 ኪሎዋት የሚሰጥ። ያንሳል እንዳትሉ። የ1300ዋ ቮልስ የፋብሪካ ሞተር 40 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ይህም ወደ 30 ኪሎዋት ነው። እሱም ባሕር ወለል ላይ ሲለካ። ማርቆስ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የነዳጅ ሞተር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ይህ አይነካውም።

ባትሪው 32 ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል፣ እያንዳንዱ 280 አምፒር ሰዓት። በተከታታይ ሲታሰሩ፦

- መደበኛ ቮልቴጅ፦ 32 × 3.2 = 102.4 ቮልት
- ሙሉ ሲሆን፦ 32 × 3.65 = 116.8 ቮልት
- የሚይዘው፦ 28.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ
- ክብደት፦ አንዱ ሴል ወደ 5.4 ኪሎ፣ በድምሩ 173 ኪሎ

ሰው የሚረሳው ክብደቱን ነው። የነዳጁ ሞተር፣ ማርሚታውና ሰርባቶዮው ሲወጡ 150 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ባትሪው ከነሳጥኑ፣ ሞተሩ፣ ኮንትሮለሩ፣ ቻርጀሩና ገመዱ ሲገቡ ወደ 290 ኪሎ ይጨምራል። መኪናዋ በ140 ኪሎ ከበደች ማለት ነው። ያ ሁለት ሰው ነው። አምስት ሆናችሁ ሠርግ የምትሄዱበት ዘመን አበቃ።

ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ አጋር ጋር ሆኖ የድሮ ቮልስ ላይ የትንሿን የኤሌክትሪክ መኪናውን የኢ-አፕን ዕቃ ገጥሞ አሳይቷል። ሞተሩ 60 ኪሎዋት፣ ባትሪው 36.8 ኪሎዋት ሰዓት። ክብደቷ 1,280 ኪሎ ደረሰ። ለዚህ ሻንሲውንም ፍሬኑንም ማጠናከር ግድ ሆኖባቸዋል። እናንተ ያን ካልሠራችሁ ባትሪ አትጨምሩ።

አሁን የሚሠራ፦ መኪናዋን ሳትነኩ የእህል መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውሰዷት። የፊት ጎማዎቿን ብቻ፣ የኋላውን ብቻ፣ ከዚያ ሙሉዋን አስመዝኑ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፉ። በመጨረሻ ስትመዝኗት የፊትና የኋላ ድርሻዋ ከዚህ ብዙ መራቅ የለበትም።

## 3. ሞተሩ ሳይወርድ የሚሠሩ አራት ነገሮች

1. ፍሬኑን አድሱ። ሲሊንደሮቹን፣ ጎማ ቱቦዎቹንና ሸራዎቹን እዩ። የድሮዋ ቮልስ ፍሬን ሰርቮ (በሞተሩ ቫኪዩም ፍሬኑን የሚያቀልል ዕቃ) የለውም፣ ስለዚህ የሞተሩ መውጣት አይጎዳውም። ሰርቮ ያለው መኪና ከሆነ ግን ያለ ሞተር ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ መግዛት አለባችሁ።
2. ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ድፍን ድምፅ ካሰማ ዝጓል። ዝገት ላይ ባትሪ አይጫንም።
3. ካምቢዮውን በሁሉም ማርሽ ነድታችሁ ስሙ። የሚያለቅስ ማርሽ ካለ አሁን አሠሩት። የነዳጅ ሞተሩ ጩኸት የሸፈነው ድምፅ ሁሉ በኋላ ይሰማል።
4. ከሁሉም ማዕዘን ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ገመድ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስም ጻፉበት።

## 4. ማውረድና መለካት

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ቤንዚኑን ቅዱ። ዛሬ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጓሮ አይገባም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ከሥር ክሪክና ጣውላ ደግፉ፤ ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። አራቱን ፍቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። የካምቢዮው ዘንግ ሳይወጣ ወደ ታች ካዘነበለ ፍሪሲዮኑ ይጣመማል።

አሁን የሁሉም ነገር ቁልፍ ወደሆነችው ቁጥር ደርሰናል።

ሞተሩ መሬት ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን ፍቱ፤ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ግን እንደገጠመ ይቆይ። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ ከሞተሩ መግጠሚያ ፊት ላይ አጋድሙ፤ ማለትም ከካምቢዮው ጋር የሚሳሳመው ፊት ላይ። ከማስመሪያው እስከ ቮላኖው የፍሪሲዮን ማረፊያ ፊት ድረስ ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ። ቮላኖውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙ። አራት ጊዜ። አራቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ ወይ ማስመሪያው ጠማማ ነው፣ ወይ ፊቱ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ጠርጋችሁ እንደገና ለኩ። አማካዩን ወረቀት ላይ ሳይሆን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ወረቀት ይጠፋል።

አዲሱ ሞተር ቮላኖውን በትክክል እዚያው ርቀት ላይ መያዝ አለበት። ወደ ካምቢዮው ከቀረበ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይዝም። ከራቀ አይለቅም።

## 5. አዳፕተሩን ማሠራት

ቶርኖ ቤት የምታሠሩት ሁለት ነገር ነው፦ የካምቢዮውን ፊት ከሞተሩ ፊት የሚያገናኝ ሳህን፣ እና የሞተሩን ዘንግ ከቮላኖው የሚያገናኝ መያዣ።

የኔ የመጀመሪያው በዓይን ግምት የተሠራ ነበር። ባለሙያው "አምነኝ" አለ፤ እኔም አመንኩ። 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ መኪናዋ እንደ ወፍጮ ቤት ተንቀጠቀጠች። ስንፈታው መሃሉ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ስቷል፤ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚገባበት ኩሽኔታም ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልለካ ተቀበልኩ።

ስለዚህ፦

- የድሮውን ቮላኖና ባዶ የካምቢዮ ቤት ወይም ትክክለኛ ካርቶን ንድፍ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አታስረዱ።
- መያዣው ያቺን ትንሽ ኩሽኔታ መሃሉ ላይ መያዝ አለበት። ከረሱት መልሱት።
- ስትረከቡ ቮላኖውን ገጥማችሁ በመለኪያ ሰዓት (ዳያል ጌጅ) እየለካችሁ አዙሩት። ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከተወላገደ አትውሰዱ፤ ክፍያውም ይቆይ።

ፍሪሲዮኑን አውጥቶ በቀጥታ ማያያዝ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኔ ግን ፍሪሲዮኑ ይኑር እላለሁ። ኮንትሮለር ተሳስቶ ጉልበት ሲሰጥ እግራችሁ የሚያውቀው ማቋረጫ ያ ነው።

## 6. ባትሪው

እዚህ አትቸኩሉ።

ልብስ፦ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቁ። አንገታችሁ ላይ የብረት መስቀል ካለ ወደ ጀርባ አዙራችሁ ሸሚዝ ውስጥ በፕላስተር ያዙት። ስታጎነብሱ ተንጠልጥሎ ሁለት ሴል ከነካ ይቀልጣል፣ አንገታችሁም አብሮ። የቺያቬዎቹን እጀታ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፍኑ። ለ1000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት ልበሱ።

ሳጥን፦ ሁለት አድርጉ። 12 ሴል ፊት፣ ሰርባቶዮው በነበረበት፤ 20 ሴል ከኋላ ወንበር ጀርባ። ከአንግል ብረትና ከላሜራ ይበየዱ፣ በሻንሲው ላይ ይታሰሩ። ብየዳው ሴሎቹ ግቢ ሳይገቡ ይጠናቀቅ። ውስጡን ጎማ አንጥፉ፣ በሴልና በሴል መካከል የማያስተላልፍ ስስ ሉህ አስገቡ። ሴሎቹ ሳይጨመቁ ግን ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ፤ የኛ ኮሮኮንች የላላ ነገር አይምርም።

ማመጣጠን፦

1. ሁሉንም ሴል በቴስተር ለኩ፣ ቁጥሩን በማርከር ጀርባው ላይ ጻፉ። ከሌሎቹ በግልጽ የወረደ ሴል መልሱ።
2. በተከታታይ አስራችሁ፣ ቢኤምኤሱን አገናኝታችሁ ቻርጅ አድርጉ። አንዱ ሴል 3.65 ሲደርስ ቢኤምኤሱ ያቆማል።
3. አንድ ሌሊት አሳርፏቸው። ልዩነታቸው ከ0.05 ቮልት ሲያንስ ፈትታችሁ ሁሉንም በትይዩ እሰሩ፦ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ። ሁለት ሰው ሳያየው አንድ ማያያዣ እንዳይጠብቅ።
4. ፓወር ሳፕላዩን ከማገናኘታችሁ በፊት 3.65 ላይ አስተካክሉት፤ አምፒሩ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ጠብቁ። ቀናት ሊወስድ ይችላል።
5. መልሳችሁ በተከታታይ እሰሩ።

የሴሉ ቡሎን ስስ ነው፣ ክሩ አሉሚኒየም ላይ ነው። 4 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ የሻጩን ወረቀት እዩና በቶርክ ቁልፍ ጥበቁ። እኔ አንዱን እንደ ጎማ ዳዶ ጠበቅኩት። "ጭር" አለና ለስለስ አለኝ። ያ ድምፅ የአንድ ሴል ዋጋ ነው። ከላላ ደግሞ ይግላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ።

## 7. ትልቁ ገመድ

ቅደም ተከተሉ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ፦ ፊውዝ፣ ኮንታክተር (በመኪናው ቁልፍ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ)፣ ኮንትሮለር። ፊውዙ ለባትሪው የቀረበ ይሁን።

- የቤት ብሬከር አትጠቀሙ። የቤት ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አይነካም፤ ብልጭታው እንደ ብየዳ ይቀጥላል። ፊውዙም ኮንታክተሩም "ዲሲ" የሚል ከ150 ቮልት ያላነሰ ጽሑፍ ይኑራቸው።
- በፊትና በኋላ ሳጥኖች መካከል በእጅ የሚነቀል ማላቀቂያ አስገቡ። ስትሠሩ መጀመሪያ እሱን ንቀሉ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።
- ገመዱ 70 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፤ የብየዳ ገመድ ጥሩ ነው። ጫፉ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይጨመቅ። ሲግል ስለሚቀልጥ ቆርቆሮ ብየዳ አይሆንም።
- ኮንታክተሩን የሚያልፍ 100 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር አድርጉ። ቁልፍ ሲዞር መጀመሪያ በእሱ በኩል ኮንትሮለሩ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይሙላ፣ ከዚያ ኮንታክተሩ ይዘጋ፣ ማለትም መስመሩን ያገናኝ። ይህ ከተዘለለ ኮንታክተሩ በመጀመሪያው ቀን ሊጣበቅ ይችላል። ተጣብቆ የቀረ ኮንታክተር ቁልፍ ቢዘጋም አይለቅም።
- ሁለቱም ትልቅ ገመዶች ከመኪናው ብረት ጋር አይገናኙ። ኔጌቲቩም ጭምር።

ኮንትሮለሩ ከኋላ፣ ሞተሩ በነበረበት ክፍል ይቀመጣል። የኮፈኑ የአየር ቀዳዳ ግን ዝናብ ያስገባል። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ከላዩ የላሜራ ጥላ ሥሩለት።

## 8. ባለ 12 ቮልቱ

ዲናሞው ስለወጣ ትንሿን ባትሪ የሚሞላው የትልቁን ባትሪ ቮልት ወደ 12 የሚያወርደው ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ አምፖሉ፣ ጡሩምባውና የዝናብ መጥረጊያው መቀየር አለባቸው። ሙቀት የሚሰጠው ሞተርም ስለሌለ መስታወት የሚያደርቅ ትንሽ ፋን ግጠሙ። እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድ ከዳሽቦርዱ ጌጥ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

## 9. የቤት ቻርጅ

ባለ 3.3 ኪሎዋት ቻርጀር በ220 ቮልት 15 አምፒር ይስባል። ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል።

- ከቆጣሪው ለብቻው ባለ 4 ካሬ ገመድ ይሳብ፣ ባለ 20 አምፒር ብሬከርና ባለ 30 ሚሊአምፒር የሾክ መከላከያ ይኑረው።
- የግድግዳ ተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ 15 አምፒር አይችልም፤ ይቀልጣል። ባለ 32 አምፒር የፋብሪካ ሶኬት ግጠሙ።
- ኧርዝ የሌለው ቤት መጀመሪያ ኧርዝ ይቅበር።
- ምጣዱና ቻርጀሩ አብረው አይሥሩ። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ከቤት ጋር ተነጋገሩ። በዚህ ጉዳይ አሸናፊው ማን እንደሆነ ይታወቃል።
- ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ የቻርጀሩን አምፒር ወደ 8 ወይም 10 አውርዱ፣ ወይም ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ሰኩት።
- የመጀመሪያዎቹን አምስት ቻርጆች ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አድርጉ።

## 10. መጀመሪያ ስትነሳ

1. የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። ሻንሲውን በብረት ማቆሚያ ደግፉ፤ በክሪክ ብቻ አትመኑ።
2. ማላቀቂያውን ሰክታችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ መኪናው ብረት፣ ከዚያ ከኔጌቲቭ ወደ ብረት ለኩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ካልወረደና ከቆመ የሚያፈስ ቦታ አለ። እስኪገኝ ቁልፍ አይዞርም።
3. ኮንትሮለሩ ላይ ከባትሪ የሚሳበውን 250 አምፒር ላይ ገድቡ። ለሙከራ ግን በ50 ጀምሩ።
4. ማርሽ ሁለት አስገቡ፣ ነዳጅ መስጫውን በቀስታ ንኩ። ጎማው ወደፊት ይዙር። ወደ ኋላ ከዞረ ገመድ አታቀያይሩ፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ አቅጣጫውን ገልብጡ።

ካልሆነ፦

- *ቁልፍ ሲዞር ዝም፦* ትንሿን ባትሪ ለኩ። ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ኮንታክተሩ አይዘጋም። አብዛኛው "ተቃጠለ" የተባለ መኪና ይህ ነው።
- *ኮንታክተሩ ይዘጋል፣ መኪናዋ አትሄድም፦* እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ ሆኖ ቁልፍ አዙራችኋል። ብዙ ኮንትሮለር ለደኅንነት ይቆልፋል። አጥፍታችሁ እግር አንስታችሁ እንደገና ሞክሩ።
- *ስትጫኑት ይቋረጣል፦* አንድ ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ እየወረደ ነው። ቢኤምኤሱ ላይ የትኛው እንደሆነ እዩ፣ መጀመሪያ ቡሎኑን ፈትሹ።
- *የሚጣፍጥ የመድኃኒት ሽታ ወይም ጭስ ከሳጥኑ፦* ውጡ፣ ራቁ፣ ጭሱን አትተንፍሱ። ሳጥኑን ልክፈት የሚል ጎበዝ ካለ ያዙት።

## 11. መንገድ፣ ዓባይም ጭምር

እንደገና ሚዛን ላይ አውጧት፣ ከደረጃ 2 ቁጥሮች ጋር አስተያዩ። ጎማውን ንፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ከተማ ውስጥ ብቻ።

ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ያዙ። ከባትሪው 80 በመቶውን ብቻ ከቆጠራችሁ 150 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ 60 ነው፤ ምንም አይደለም። ከማርቆስ ደጀን አንድ መንገድ 70 ገደማ ነው። ደርሶ መልስ በወረቀት ይበቃል፤ በዝናብና በንፋስ ግን አትሞክሩት።

የዓባይን በረሃ ማቋረጥ ለሚፈልግ፦ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ 1,400 ሜትር መውጣት፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በማርሽ ሁለት፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ውጡ። የሞተሩን ሙቀት እያያችሁ ሂዱ፤ ከገደቡ ከቀረበ ዳር ይዛችሁ አሳርፉት።

የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሞተሩ ሲያዝ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ደጀን አድራችሁ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ከወረዳችሁ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት የለም። ቢኤምኤሱ ይቋረጣል፣ ኮንትሮለሩም ሊቃጠል ይችላል፣ እናንተም በድሮ ከበሮ ፍሬን ብቻ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ደጀን ላይ ከ90 በመቶ በላይ አትሙሉ፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ሁለት ጀምሩ።

ከማርቆስ ተነስታችሁ ከበረሃው ማዶ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ከዚያ 80 በመቶ የቀራችሁ ከ8 እስከ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እዚያ የምትሰኩበትን ቤት ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ቻርጀሩንና ረጅሙን ገመድ ጭናችሁ ሂዱ።